ለአባትሽ ያነበብኳቸው ቀለሞች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ ከአጠገቤ ለራቅሽው፣ ከሐሳቤ ግን ለማትወጪው፣

እንዴት ነሽልኝ? ባለቤትሽስ? ትንሹስ የጥርሱ ሕመም ቀለለለት? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን የምልሽ አፌ ለምዶት አይደለም፤ ጣሪያው አያፈስም፣ ጉልበቴ ከአምናው ይሻለኛል፣ አባትሽም እንደ ልማዱ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ጋደም እያለ ያናድደኛል። የቀረው ግን በስልክ የሚሆን ወሬ አይደለም። በስልክ አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔን ሆድ ይብሰኛል፣ መስመሩ ይቆረጣል፤ ከዚያ ምንም ሳንባባል ሁለታችንም እንተኛለን። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው የጠየቅሽኝን ታስታውሻለሽ። የትንሹ አስተማሪ ጠርታሽ፣ ልጁ የዛፉን ቅጠል ቡኒ፣ ግንዱን አረንጓዴ አድርጎ ቀባው አለችሽ። ሌሎቹ ልጆች ሲስቁበት ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀለም አልነካም ብሎ እጁን ኪሱ ከቷል አልሽኝ። ሐኪም ዘንድ ብትወስጂው፣ ቀለም የመለየት ችግር ነው፣ በዘር የሚመጣ ነውና በቤተሰብሽ እንዲህ ያለ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀሽ። እኔንም ጠየቅሽኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ማንም የለም አልኩሽ።

ያን ስልሽ አባትሽ ፊት ለፊቴ ነበር። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር የጠየቅሽውን ቃል በቃል ሰምቷል። እጁን አንስቶ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘ፤ አትንገሪያት ማለቱ ነው።

አለ ልጄ። አባትሽ ነው። ቀይና አረንጓዴ ለእሱ አንድ ናቸው፤ ቡኒም ከሁለቱ አይለይለትም። ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ ነው። ይህን የምናውቀው በዚህ ከተማ እኔና እሱ ብቻ ነበርን፤ አሁን ግን ሌላም ሰው አውቆታል። እንዴት እንደታወቀ ልነግርሽ ነው።

መጀመሪያ ግን እንዴት እንደተዋወቅን ልንገርሽ። ልጅ ሆነሽ ስትጠይቂኝ ሸሚዝ ሊያሰፋ መጥቶ ነው እያልኩ አልፍሽ ነበር። ሸሚዝ አላሰፋም። ያኔ በአክስቴ የልብስ ስፌት ቤት፣ መስኮቱ ሥር ባለችው መኪና ላይ ነበር የምሠራው። ከማዶ ካለው የሬዲዮ ጥገና ሱቅ አንድ ቀጭን ልጅ መጣና መሐረቡን ፈትቶ የስንዴ ቅንጣት የሚያካክሉ ነገሮች ፊቴ ዘረገፈ። በያንዳንዷ ላይ ቀጫጭን ቀለበቶች ተቀብተዋል። የዚችን ቀለም ንገሪኝ አለኝ። እኔ ለከፋ መሰለኝ። ብዙ ዓይነት ለከፋ ሰምቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ዓይን የለህም እንዴ አልኩት። ዓይንስ አለኝ፣ ለዚህ ግን አይሆንም አለ። አልሳቀም። ያኔ ነው ቀና ብዬ በደንብ ያየሁት።

ሬዚስተር ምን እንደሆነ ለአንቺ አላስተምርም፤ ሙያሽ ነው። ለእኔ ግን አዲስ ነገር ነበር። ቀለሞቹ ቁጥር ናቸው አለኝ፤ ጥቁር ዜሮ፣ ቡኒ አንድ፣ ቀይ ሁለት፣ እንዲህ እያለ እስከ ነጭ ድረስ፤ በውስጧ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚገታ የሚናገሩት ቀለበቶቹ ናቸው። አንዱ ቀለም ከተሳሳተ የተሠራው ነገር ወይ አይሠራም፣ ወይ ይቃጠላል። አባትሽ የቴክኒክ ትምህርት ቤቱን የመግቢያ ፈተና አንደኛ ሆኖ አልፎ ነበር። ከዚያ ነጠብጣብ የሞላበት መጽሐፍ ከፍተው፣ ውስጡ የተጻፈው ቁጥር ስንት ነው ብለው ጠየቁት። እሱ ነጠብጣቡን ብቻ ነው ያየው። ስሙን ሰርዘው ሸኙት። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳያውቅበት በዚሁ ሙያ እሠራለሁ ብሎ ማለ።

ዓይኑ እኔ ሆንኩ። ለቀለም ማን ይችለኝ ነበር? ከአንድ ጥቅል ክር ላይ ፀሐይ የመታውንና ያልመታውን እለያለሁ። ከተጋባን በኋላ ሱቁን ሁለት ቤት አድርገን፣ ከፊት የእኔ ስፌት፣ ከመጋረጃው በስተጀርባ የእሱ ሥራ ሆነ። ጠዋት በር ከመክፈታችን በፊት፣ መስኮቱ ሥር ጎን ለጎን እንቀመጣለን። እሱ ከጣሳው አንድ በአንድ ያወጣልኛል፣ እኔ እጠራለሁ፤ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ ቀይ። እሱ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ ይለጥፍባታል። ጎረቤቶች በመስኮቱ ሲሰሙን ክር እያስመረጥኩት ይመስላቸው ነበር። ሚስቱ ክር ስትመርጥ አብሯት የሚቀመጥ ባል ነው እየተባለ በሰፈሩ ሴቶች ዘንድ ስሙ ገነነ። ስንት ባል በእሱ ምክንያት ተሰደበ መሰለሽ።

የሠራውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ግን ተጠቃሎ ሲነገር ሰምተሽ አታውቂምና ልበለው። መብራት በመጣ በሄደ ቁጥር የወፍጮው ሞተር፣ የሰዉ ማቀዝቀዣ፣ የአናጺው መጋዝ ሲቃጠል፣ ኃይሉ ሲበዛ የሚቆርጥ፣ ሲያንስ የሚደግፍ ሳጥን ሠራ። በዚህ አካባቢ ከእሱ በፊት ያን የሞከረ የለም፤ ከውጭ የሚመጣው ደግሞ ዋጋው አይቀመስም ነበር። ሰዉ ሳጥኑን ጠባቂ አለው፤ እሱን መብረቁ አለው። ውሃው ሲሞላ ራሱን የሚያጠፋ ፓምፕ ሠራ። ጆሮው ለማይሰማው ጫማ ሰፊ፣ በሩ ሲንኳኳ አምፖል የሚበራለት ደወል ሠራለት፤ ሰውየው የመጀመሪያ ቀን ጎረቤቱን ሁሉ እየለመነ በሩን ሲያስንኳኳ ዋለ። በሁሉም ውስጥ የእኔ ድምፅ አለ። ኩራቴን አልደብቅሽም፤ መንገድ ላይ አንዱን ሳጥን ባየሁ ቁጥር ልጄን ያየሁ ያህል ደስ ይለኝ ነበር።

ልጄን ካልኩ አይቀር፣ አሁን ወደ አንቺ ልምጣ።

ያን መጋረጃ ስንት ጊዜ ገልጠሽ ገባሽ? ቁመትሽ ጠረጴዛው ላይ ሳይደርስ፣ ሬዲዮ ፈትተሽ መልሰሽ ስትገጥሚ በዓይኔ አይቻለሁ። እሱም አይቷል። የዚያን ቀን ጓሮ ወጥቶ ብቻውን ሲስቅ አግኝቼዋለሁ፤ ይህን አንቺ አታውቂም። አንቺ የምታውቂው ተመልሶ ገብቶ ያለሽን ነው። ይሄ ያንቺ ቦታ አይደለም አለሽ። ስታድጊም ያንኑ አለሽ። ኤሌክትሪክ ልማር ስትዪ፣ ሌላ ነገር ምረጪ አለሽ። ሻንጣሽን ይዘሽ በሩ ላይ የተናገርሽው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። "ወንድ ልጅህ ብሆን ኖሮ አታባርረኝም ነበር" አልሽው። እሱም ዝም አለ። ከእኛ የወሰደሽ ያ ዝምታው ነው።

ልጄ፣ ሴት ስለሆንሽ አልነበረም። ጠረጴዛው አጠገብ ከተቀመጥሽ፣ ውለሽ አድረሽ አባዬ ይሄ እኮ ቀይ ነው ማለትሽ አይቀርም። እኔ ለምን እንደማነብለት መጠየቅሽ አይቀርም። ከሰው ሁሉ አንቺ እንዳታውቂበት ነው የፈራው፤ ምክንያቱም አንቺ እሱን እንዴት አድርገሽ ታዪው እንደነበር ያውቃል። ከዓይንሽ ከሚወርድ ከቤቱ ብትወጪ መረጠ። ሞኝነት ነው። ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ በነገርኩት ቁጥር ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። በስልክ ስትደውዪ ሰላም በያት ብሎ ብድግ ይላል። ከዘጋሁ በኋላ ግን፣ እንዲያው ለወሬ ያህል መስሎ፣ የምትሠሪበት የኃይል ማመንጫ ስንት ተርባይን እንዳለው ይጠይቀኛል። እኔ ተርባይኑን ከየት አምጥቼ ልቁጠርለት?

አሁን ወደ ዘንድሮው ነገር ልግባ።

አባትሽ ያለጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት የማሞቂያ ሳጥን ሲሠራ ከርሟል። ሆስፒታሉ የነበሩት ተበላሽተው፣ ሕፃናቱን በጠርሙስ የሞቀ ውሃ ነበር የሚያሞቋቸው። የሕፃናት ክፍሉ ሐኪም ሱቃችን ድረስ መጥታ ለመነችው። ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ መጥቶም ሙቀቱን በቴርሞሜትር ፈተነው፤ ደህና ነው ተባለ። እንደምታውቂው ግን አባትሽ ጨረስኩ ያለውን ነገር መተው አይችልም። በሳጥኑ ውስጥ፣ ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ኃይሉን የሚቆርጥ ማቋረጫ አለ። እሱ አላረካኝም ብሎ ፈትቶ እንደገና ሠራው። የአዲሱን ሬዚስተሮች ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ለወጉ ያህል ሞከርነው፣ ሞቀ፤ ማቋረጫው ግን ሙቀቱ ካላለፈ አይታወቅም። ከዚያ ጭነው ወሰዱት።

ሕፃን ይገባበታል የተባለው ቀን ጠዋት አባትሽ ጥሩ ልብሱን ለብሶ ወጣ። እኔ ሱቅ ቀረሁ። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ሰማያዊ ቀሚስ አሰፍታኝ ነበርና ለብሳው መጣች። ጫፉን ገልጣ እያሳየችኝ፣ ይሄ ደግሞ የዘንድሮ ፋሽን ነው ወይ ብላ ሳቀች። ምኑ አልኳት። በሰማያዊው ጨርቅ ላይ ጠርዙን ዙሪያውን በአረንጓዴ ክር ሰፍቼዋለሁ። ቀልድ መስሏት ነው። እኔ ግን ሁለቱን የክር ጥቅሎች ይዤ ደጅ ወጣሁ፣ ፀሐይ ላይ አነሳኋቸው። አንድ ናቸው። አገላብጬ ባያቸውም አንድ ናቸው።

ለካ ሰንብቷል። የበሩን መቃን በትከሻዬ መምታት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ስኒ ከጠረጴዛው ጠርዝ ውጭ አስቀምጬ ሰብሬያለሁ። እርጅና ነው እያልኩ አልፌዋለሁ። ቀለም ይከዳኛል ብዬ ግን አንድም ቀን አላሰብኩም፤ የሰው ልጅ የገዛ ስሙን ይረሳል ብሎ እንደማያስበው ነው። ደጅ ላይ ቆሜ ሳስብ የማቋረጫው ሬዚስተሮች ትዝ አሉኝ። በአፌ አረንጓዴ ያልኳቸው ሁሉ መጡብኝ። የትኛዋ እውነት አረንጓዴ እንደነበረች ማወቅ አልችልም።

ርዕሰ መምህርቷን ሱቁ ውስጥ ትቻት ወደ ሆስፒታሉ ገሰገስኩ። የመለኪያ ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። በመንገድ ላይ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ አባትሽን ጠርቼ ወደ ጥግ ወስጄ በጆሮው እነግረዋለሁ፣ እሱ ሌላ ምክንያት ፈጥሮ ያስቆመዋል፣ ምስጢሩም ተከድኖ ይቀራል። ስደርስ ግን ጥግ የለም። ሐኪሟ አለች፣ ተቆጣጣሪው አለ፣ አባትሽ ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ያስረዳል፤ ነርሷ ደግሞ ሕፃኗን አቅፋ ከወዲያኛው በር እየገባች ነው። የእጅሽን መዳፍ አታክልም ነበር። እናትየው ከኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣለች። የሳጥኑ ክዳን ተከፍቷል።

"አታስገቧት" አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። ተቆጣጣሪው ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። አባትሽን አየሁት፤ ፊቱ ወዲያው ተለወጠ፤ ከአነጋገሬ ገብቶታል። እኔ እሱን ለማዳን ሽቦው ላልቷል፣ መሰኪያው ቅድም ሽታ ነበረው እያልኩ መቀባጠር ጀመርኩ። እሱ ክንዴን ያዘ።

"ተዪ" አለኝ። ከዚያ ወደ እነሱ ዞሮ "እኔ ቀለም አላይም። ከልጅነቴም አላይም። ይህን ሁሉ የሠራሁት በእሷ ዓይን ነው" አለ።

ነርሷ ሕፃኗን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገቻት። ተቆጣጣሪው በቁጣ ሳይሆን በእውነት ሊገባው ፈልጎ፣ ቀለሙን እሷ ብታነበውም ከዚያ በኋላ በቴስተር ለክተህ አታረጋግጥም ወይ አለው። ቴስተር እኮ አለው፤ ጥሩ ቴስተር፤ በልደቱ ቀን የገዛሁለት እኔ ነኝ። የአንድ ሬዚስተር ልክ ለማወቅ ሁለቱን ጫፍ መንካት ብቻ ነው። እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል፣ አንቺም አሁን ስታነቢ እየጮኽሽ ይሆናል።

"ከእሷ በኋላ ለክቼ አላውቅም" አለ አባትሽ።

ሳጥኑን ባዶውን አብርተው ሙቀቱን ሆን ብለው ከልክ በላይ አስወጡት። ሙቀቱ ማቋረጫው መቁረጥ ከነበረበት ልክ አለፈ። አሁንም አለፈ። ቴርሞሜትሩን የያዘችው ሐኪም ቁጥሩን ጮክ ብላ መጥራቷን አቆመች። በመጨረሻ ተቆጣጣሪው ራሱ መሰኪያውን ነቀለው። እናትየው ያየችኝን አስተያየት እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም። ጥላቻም ምስጋናም አልነበረም፤ ልጇን ብቻ ስጡኝ አለች። ሰጧት፣ ደረቷ ላይ በቆዳዋ አሞቀቻት። ሕፃኗ በሕይወት አለች፤ ሐኪሟ ትናንት ልካብን ክብደት ጨምራለች ብላናለች። ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ ይገባ ነበር፤ ስትጨነቂ አቆየሁሽ፣ ይቅር በይኝ።

ፈቃዱ ተወሰደ። የሱቁ በር ላይ ያለው የእሱ ታፔላ ወርዷል፤ የእኔም ከእሱ ጋር ይውረድ ብዬ አወረድኩት። በከተማው ወሬው ያልደረሰበት የለም። መብረቁ ዕውር ነው የሚሉ አሉ። የሚያስቅ መስሏቸው ቀይ ነገር እያሳዩ ይሄ ምን ቀለም ነው የሚሉትም አሉ።

አባትሽ ያደረገውን ግን ልንገርሽ። በማግስቱ ቴስተሩን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ወጣ። ዓይኔ ደክሞ ሊሆን ይችላል ብሎ፣ በነዚህ ጥቂት ዓመታት የሸጠውን ሳጥን ሁሉ፣ ቤት ለቤት እየዞረ፣ ከፍቶ ይለካል። በየደጁ ከመግባቱ በፊት፣ እኔ ቀለም አላይም፣ የሠራሁላችሁን ልፈትሽ ነው የመጣሁት ይላል። ዕድሜውን ሙሉ የደበቀውን ነገር ያን ሰሞን በየበሩ ሲናገረው ሰነበተ። የወፍጮው ባለቤት አቅፎ አስገባው። ባለ ማቀዝቀዣዋ ነጋዴ ግን ሳጥኑን ነቅላ ደጅ አስቀምጣ ጠበቀችው፤ ደህና መሆኑን ለክቶ ቢያሳያትም አልፈልግም አለች። ታቅፎት ወደ ቤት መጣ። ያን ቀን ነው ቅስሙ የተሰበረው፤ ሳጥኑን መሬት ላይ እንኳን ሳያኖር ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

እኔ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ስጠብቅ ነበር። ይናገረኝ፣ ይቆጣኝ፣ ይውጣልኝ ብዬ። እሱ ግን ያለኝ ሌላ ነው። መቼ ጀመረሽ አለኝ። ስለ መቃኑ ነገርኩት፣ ስለ ስኒው ነገርኩት። ስኒው ሲሰበር ቀስ በይ ብሎ እንደተቆጣኝ አስታወሰ።

"በዓይንሽ ኖርኩ፤ አንድ ቀን እንኳን ዓይንሽን አላየሁትም" አለኝ።

ከዚያ አለቀሰ ልጄ። አባትሽ ሲያለቅስ አይተሽ አታውቂም፤ እኔም አላውቅም ነበር። የእሱ እናት ስትቀበር እንኳን ሻማ ሲያስተካክል ነበር።

የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደናል። ችግሩ ከኋላ ያለው ነርቭ ነው አለ። የሚንጠባጠብ መድኃኒት ሰጥቶኛል፤ የቀረውን ለማቆየት ይረዳ እንደሆነ እንጂ የሄደውን አይመልስም። ስንት እንደቀረኝ ጠይቀሽ አታስጨንቂኝ። ፊት ለፊቴ ያለ ሰው ይታየኛል። ከሩቅ አንቺ ብትሆኚ በአረማመድሽ አውቅሻለሁ።

ያለቀሰ ዕለት ማታ እራት ላይ ስለ ትንሹ አነሳሁበት። እጁን ኪሱ ከቷል ያልሽኝን ደግሜ ነገርኩት። መብላቱን አቆመ። "ንገሪያት። ልጁ እንደ እኔ እንዳይደበቅ" አለኝ። ይህ የእሱ ቃል ነው። የቀረውን እኔ ልጨምር፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሲሄድ እኔ ይሄን አላይም፣ ንገሩኝ ብሎ አፉን ሞልቶ ይናገር። የሚስቅ ይሳቅ። የሚነግረው ሰው አያጣም፤ አያቱም አላጣም። ነገር ግን የነገሩትን በእጁም ይለካ። የሚወደውን ሰው ማመንና መለካት አይጣሉም፤ እኛ ይህን ዘግይተን ነው የተማርነው።

አንቺን ይቅር በይው አልልሽም። ያ የአንቺ ነው። ቦታሽን የከለከለሽ ንቀት እንዳልነበረ ብቻ እወቂልኝ። ፈሪ ነበር። በዓለም ላይ ኤሌክትሪክን የማይፈራ ሰው አንዲት ልጅ ፈርቶ ኖረ።

ፈጣሪ ቤትሽን ይጠብቅልሽ። ባልሽን በጤና ያቆይልሽ። ትንሹን እንደ ልቡ ያሳድግልሽ፤ የሚስቁበት ይጥፉ፣ የሚረዱት ይብዙለት። እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። በሥራሽ ላይ ክፉ አይንካሽ፤ ያ ኃይል ቀልድ አያውቅምና ስትነኪው ተጠንቀቂ። ዓይኔ ሳይከዳኝ አንቺንና ትንሹን ለማየት ያብቃኝ፤ ከዚህ በላይ አልለምንም።

እናትሽ

የረሳሁት መስሎሽ እንዳይሆን፤ የማን የእጅ ጽሕፈት እንደሆነ ገና ፖስታውን ስታዪ አውቀሻል። መስመሩ ስለሚጠፋብኝ መጻፍ ትቻለሁ። ጎረቤት ልጥራ ስለው፣ እኔ እጽፈዋለሁ አለኝ። እኔ ተናገርኩ፣ እሱ ጻፈ። ስለ እሱ ያልኩትን ሁሉ በገዛ እጁ እንዲጽፍ ነው ያደረግኩት፤ ጨከንኩበት መሰለኝ። በሩ ላይ የተናገርሽውን ስል እስክሪብቶው ቆመ። ጠበቅኩት። ብዙ ቆይቶ ደግሞ መጻፍ ጀመረ፤ ድምፁን ሰምቻለሁ። ያልኩትን ይጻፍ፣ ሌላ ይጻፍ፣ እኔ ማየት አልችልም። አንብበሽ አንቺው ፍረጂ።

*

ያለችውን ሁሉ ጽፌያለሁ። አንድም አልቀነስኩም። ሁሉም እውነት ነው።

ልጁን ይዘሽ ነይ።

አባትሽ